ፎሙ የት ሄደ? ከተጣለ ፕላስቲክ የሚሠራው የውሃ ማጥሪያ ታሪክ

አዲስ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ከካርቶኑ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዕቃው እንዳይጋጭ ዙሪያውን የሚደግፈው ነጭ ፎም አለ፤ ሲሰብሩት ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ የሚያወጣው፣ ፍርፋሪው ከልብስ ላይ አልላቀቅ የሚለው። ዕቃው ቤት ይገባል፣ ፎሙ ደጅ ይቀራል። ነፋስ ይበታትነዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ወደ ቱቦ፣ ከቱቦው ወደ ወንዝ ይወስደዋል።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ይሄ ወንዝ የሚያቆሽሸው ፎም ራሱ የቆሸሸ ውሃ ሊያጠራ ይችላል» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ቀልድ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። ፎሙን ከአሲድ ጋር አዋህዶ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዱቄት ማድረግ፣ በዱቄቱም ፍሳሽ ማጥራት ይቻላል። እሾህን በእሾህ ማለት እንዲህ ነው።

ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከእግራችሁ እሾህ ያወጣችሁበት ያ ሁለተኛው እሾህስ የት ይጣላል? ይሄን ለመመለስ ወደ ኋላ፣ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሄደን መመለስ አለብን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃ ደፍርሶ የሚቀረው ለምንድን ነው?

በክረምት ከወንዝ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታችሁ አስቀምጡ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል። ቡናማው ቀለም ግን ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ነው። የሸክላ አፈር ብናኞች እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ ምክንያቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ብናኞቹ በገጻቸው ላይ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) አላቸው። አንድ ዓይነት ሙል ያላቸው ነገሮች ደግሞ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ብናኞቹ ተጠጋግተው፣ ተጣብቀውና ከብደው መውረድ አይችሉም። ፍሳሽ ውስጥ ያለው ደቃቅ ቆሻሻም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፖዘቲቭ ሙል ያለው ነገር ጨምሮ ግፊያውን ማብረድ ነው። አልሙኒየም ሰልፌት፣ በተለምዶ አሉም የምንለው፣ የሚሠራው ይሄንን ነው። ቀጥሎ ትንንሾቹን ስብስቦች እንደ ገመድ አያይዞ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ትልቅ ጓል የሚያደርግ ረጅም ሞለኪውል ማስገባት ነው። ያ ጓል ይከብዳል፣ ይዘቅጣል፣ ውሃው ይጠራል። ይህን ገመድ የመሰለ ኬሚካል ባለሙያዎች ፍሎኩላንት ይሉታል።

ሰው ይህን ያወቀው ኬሚስትሪ ከመማሩ በፊት ነው። በቻይና አሉም በጋን ውሃ ውስጥ ማማሰል የቆየ ልማድ ነው። በሱዳን የአባይ ዳር ሴቶች የሞሪንጋ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ከደፈረሰው ውሃ ጋር ያዋህዱ ነበር። ሞሪንጋ የእኛው የሽፈራው ዘመድ ነው፤ ኮንሶ ውስጥ ቅጠሉ የዕለት ምግብ የሆነው ያ ዛፍ። ፍሬው ውስጥ ፖዘቲቭ ሙል ያላቸው ትንንሽ ፕሮቲኖች ስላሉ ከአሉም ጋር የሚመሳሰል ሥራ ይሠራሉ።

ፕላስቲክና የውሃ ማጥሪያ፣ የአንድ ቤት ልጆች

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1860ዎቹ የከረንቡላ ኳስ የሚሠራው ከዝሆን ጥርስ ነበር፤ የዝሆን ጥርስ ደግሞ እየተወደደ ሄደ። አንድ ኩባንያ ምትክ ለሚያገኝ ሰው 10,000 ዶላር ሽልማት እሰጣለሁ አለ። ሽልማቱ ካነሣሣቸው ሰዎች አንዱ ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለ ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። እሱና ወንድሙ አይዛያ ስሚዝ ሃያት ሲሞክሩ ቆይተው በ1870 ሴሉሎይድን የሚመለከት ፓተንት አገኙ። ሴሉሎይድ በፋብሪካ በብዛት ከተመረቱት የመጀመሪያዎቹ ፕላስቲኮች አንዱ ነው።

ብዙ ጽሑፎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ቀጥሎ ያለው ግን የበለጠ ይገርማል። ያው ወንድም፣ አይዛያ ሃያት፣ ትኩረቱን ወደ ውሃ አዞረ። በየካቲት 1884 ሌላ ፓተንት አገኘ። ሐሳቡ ውሃው ወደ አሸዋ ማጣሪያው ከመድረሱ በፊት ደለሉን የሚያያይዝ ኬሚካል መጨመር ነበር። በተከታዩ ዓመት በኒው ጀርሲ የሶመርቪልና ራሪታን የውሃ ኩባንያ ዘዴውን ሥራ ላይ አዋለው። ዛሬ ብዙ ከተሞች ከወንዝ የቀዱትን ውሃ የሚያጠሩት በዚሁ መሠረታዊ አካሄድ ነው።

ልብ በሉ፤ ፕላስቲክንና የውሃ ማጥሪያ ኬሚካልን ወደ ኢንዱስትሪ ያስገባው አንድ ቤተሰብ ነው። ሁለቱ ነገሮች ግን እንደገና ተገናኝተው አንድ ለመሆን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

ከዛፍ ሙጫ እስከ ፎም

የፎማችን የኬሚስትሪ ስሙ ፖሊስታይሪን ነው። በ1839 ኤድዋርድ ሲሞን የተባለ የበርሊን መድኃኒት ቀማሚ ስቶራክስ የሚባል መዓዛ ያለው የዛፍ ሙጫ አፍልቶ ዘይት አወጣ። ዘይቱን አስቀምጦት ቢመለስ ወፍሮና እንደ ጄሊ ረግቶ አገኘው። አየር ነክቶት የተበላሸ መሰለው። በ1845 ብላይዝና ሆፍማን የተባሉ ኬሚስቶች ግን አየር ሳይነካውም እንደሚረጋ አሳዩ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው?

መልሱ የመጣው በ1920 ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ስታውዲንገር ትንንሾቹ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እጅግ ረጅም ሰንሰለት እንደሚሠሩ ተናገረ። ብዙ ኬሚስቶች አላመኑትም። እሱ ግን አልተወም፤ በ1953 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እስከዚያው ፖሊስታይሪን በ1930ዎቹ ከጀርመን ፋብሪካዎች መውጣት ጀምሮ ነበር። በ1950 አካባቢ ደግሞ እዚያው ጀርመን ትንንሽ እንክብሎችን በእንፋሎት አሳብጦ ነጩን ፎም መሥራት ተቻለ። ፎሙ በይዘቱ 98 በመቶ ገደማ አየር ነው። ቀላል፣ ርካሽና ሙቀት የማያሳልፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መልሶ ለመሰብሰብ አስቸጋሪ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ መኪና ሙሉ ፎም ማለት አንድ መኪና ሙሉ አየር ማጓጓዝ ነውና።

አሲድ የቀየረው ጠባይ

ፖሊስታይሪን ውሃ አይወድም፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ከጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲዋሃድ ግን በሰንሰለቱ ላይ ባሉት ቀለበቶች ጎን ሰልፎኔት የሚባል ኔጌቲቭ ሙል ያለው ቅጥያ ይለጠፋል። ያኔ ውሃ ጠል የነበረው ነገር ውሃ ወዳድ ይሆናል።

ይህን በመጀመሪያ በደንብ የተጠቀሙበት ውሃ ለማለስለስ ነው። በ1944 ጋኤታኖ ዳሌሊዮ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኬሚስት ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው የማይሟሙበትን ዓይነት በፓተንት አስመዘገበ። ካልሲየምን ከውሃ ውስጥ ይዞ የሚያስቀር ሙጫ መሰል ነገር ነው። በ1958 ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ ዱቄት አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒትነት ተፈቀደ፤ ደማቸው ውስጥ ፖታሲየም ለሚበዛባቸው ሕመምተኞች። አዎ፣ ከፎሙ ጋር ዘመዳማ የሆነ ነገር በሐኪም ትእዛዝ ይዋጣል።

ያ ሁሉ የሚሠራው ከአዲስ ጥሬ ዕቃ ነበር። የተጣለ ፎምን የማሰቡ ነገር የጎላው በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ ነው። ሶኒ በየዓመቱ ብዙ ቴሌቪዥን ይሸጣል፤ ከእያንዳንዱ ጋር ፎም አብሮ ይሄዳል። የኩባንያው ተመራማሪዎች ያገለገለውን ፖሊስታይሪን ከአሲድ ጋር አዋህደው ፍሎኩላንት ሲሠሩ ውጤታቸውን በ1999 ላንግሚዩር በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ደጋግመው ሞክረውታል።

ዱቄቱ እንዴት እንደሚሠራ ገመታችሁ? የሸክላው ብናኝ ኔጌቲቭ ነው፣ ዱቄቱም ኔጌቲቭ ነው፤ ብቻቸውን ቢገናኙ ይገፋፋሉ። ስለዚህ አሉም መጀመሪያ ይገባና በመካከላቸው አስታራቂ ይሆናል። ከዚያ ረጅሙ ሰንሰለት ስብስቦቹን ያስተሳስራል። ማለትም አሉምን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ያግዘዋል።

እስቲ ሂሳቡን እንይ

እዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው። አሁን ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ።

አንደኛ፣ ከዱቄቱ ውስጥ ስንት እጁ ፕላስቲክ ነው? የሰንሰለቱ አንድ ቁራጭ ክብደቱ 104 ነው። ሰልፎኔትና ሶዲየም ሲለጠፉበት 206 ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም ቀለበት ቅጥያውን ከወሰደ «ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠራ» ከተባለው አንድ ኪሎ ዱቄት ውስጥ ከፎሙ የመጣው ግማሽ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ግማሹ ከኬሚካል ፋብሪካ ነው።

ሁለተኛ፣ አሲዱ የት ይሄዳል? አሲዱ ሥራውን ሲሠራ ውሃ ይፈጠራል፤ ውሃው አሲዱን ያቀጥነውና ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ አሲድ መጨመር የተለመደ ነው። ትርፉን በኖራ ካበረዱት ጂፕሰም ይወጣል፤ በኮስቲክ ሶዳ ካበረዱት ጨዋማ ፍሳሽ ይወጣል። ፍሳሽ ለማጥራት የሚሠራ ኬሚካል ሌላ ፍሳሽ ወለደ ማለት ነው። አንዳንዱ ዘዴ ትርፍ አሲድን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ፎሙን ለማሟሟት እንደ ዳይክሎሮኢቴን ያለ መርዛማ ፈሳሽ ይጠቀማል። እሱ ደግሞ አንድም ጠብታ ሳያመልጥ ተይዞ መመለስ አለበት።

ሦስተኛ፣ ፎሙ ምን ይዞ መጣ? ለሕንፃ መሸፈኛ የሚሠራው ፎም እሳት ቶሎ እንዳይዘው ለብዙ ዓመታት ኤችቢሲዲ የሚባል ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ይጨመርበት ነበር። ይህ ኬሚካል በአካባቢ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይና በእንስሳት አካል ውስጥ ስለሚጠራቀም በ2013 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲታገድ ተወስኗል፤ ለሕንፃ ፎም ግን የጊዜ ገደብ ያለው ፈቃድ ተትቶለት ነበር። የድሮ ሕንፃ ፎም ሳይለዩ መቀላቀል ማለት ታዲያ የታገደውን ነገር በጓሮ በር ወደ ውሃ መመለስ ነው።

አራተኛ፣ መጠኑስ? በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ የሚያስተናግድ አንድ ትልቅ ጣቢያ እናስብ። በሜትር ኪዩብ 1 ግራም ዱቄት ቢጨምር በቀን 100 ኪሎ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ ፕላስቲኩ 50 ኪሎ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ፎም 20 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ይሄ ሁለት ሜትር ኪዩብ ተኩል ፎም ነው፤ በአንድ ፒክአፕ መኪና የሚጫን ጭነት። ለአንድ ጣቢያ ይጠቅም ይሆናል። የአንድን ከተማ የፎም ቆሻሻ ግን አይጨርስም።

ዓሣው ምን ይላል?

ዱቄቱ ሥራውን ሲጨርስ ሁለት መንገድ አለው። አብዛኛው ከቆሻሻው ጋር ተያይዞ ዝቃጩ ውስጥ ይገባል። የተረፈው ከጠራው ውሃ ጋር ወደ ወንዝ ይሄዳል።

በወንዙ በኩል አንድ ደስ የሚል ዜና አለ። የዓሣ ስንጥብ ገጹ ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ ፖዘቲቭ የሆኑ ፍሎኩላንቶች ስንጥቡ ላይ ይለጠፉና ትንፋሹን ያውኩታል፤ በትንሽ መጠንም ይጎዳሉ። ኔጌቲቮቹ ግን፣ የእኛው ዱቄት ጭምር፣ ስለሚገፋፉ ጉዳታቸው በጣም ያነሰ ነው።

ችግሩ ዕድሜው ነው። ሰንሰለቱ ቢሟሟም አከርካሪው ያው የፕላስቲክ አከርካሪ ነው፤ ካርበን ከካርበን ጋር ተያይዞ የተሠራ። ባክቴሪያዎች በቀላሉ አይበሉትም። ፎሙ ከዓይናችን ጠፋ እንጂ ከዓለም አልጠፋም። ፍርፋሪ ቢሆን በመረብ ይያዝ ነበር፤ የሟሟን ነገር ግን በምን ትይዙታላችሁ?

ሕግ አውጪዎችም እዚህ ላይ ተከፋፍለዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ሆን ተብሎ ወደ ምርቶች የሚጨመር ማይክሮፕላስቲክን የሚገድብ ደንብ አወጣ። ደንቡ ግን በሊትር ከ2 ግራም በላይ የሚሟሙ ፖሊመሮችን አይመለከትም፤ የሟሟ ነገር ቅንጣት አይደለምና። ጀርመን ደግሞ በማዳበሪያ ሕጓ ሌላ መንገድ መረጠች። ዝቃጭ እርሻ ላይ የሚበተን ከሆነ በውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ ፖሊመር በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 20 በመቶ መበስበስ አለበት አለች። አንደኛው ሕግ «ይታያል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላኛው «ይቆያል ወይ?» ይላል። እኔን ከጠየቃችሁ ለዱቄታችን የሚስማማው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ሁለት አሳዛኝ ትምህርቶች

«ውሃ ለማጥራት ነው» የሚለው ቃል ብቻውን መተማመኛ እንዳልሆነ ታሪክ አስተምሯል። ሐምሌ 6 ቀን 1988 በእንግሊዝ ኮርንዎል፣ ካሜልፎርድ በተባለች ከተማ አቅራቢያ አንድ የቦቴ ሹፌር 20 ቶን የአልሙኒየም ሰልፌት ፈሳሽ ወደተሳሳተ ታንከር ገለበጠ። ፈሳሹ በቀጥታ ወደ 20,000 ገደማ ሰዎች ቧንቧ ገባ። ቧንቧው ሲታጠብ የወጣው ውሃ ወንዞቹ ውስጥ ገብቶ እጅግ ብዙ ዓሣ ገደለ። ሰዎቹ ግን መጀመሪያ ላይ ውሃው ችግር የለበትም ተብለው ነበር፤ ምክንያቱ በይፋ እስኪነገራቸው ከሁለት ሳምንት በላይ አለፈ። ያ ኬሚካል በየቀኑ በየጣቢያው ያለ ጉዳት የምንጠቀምበት አሉም ነው። የተለወጠው መጠኑና ቦታው ብቻ ነበር።

ሁለተኛው በ1997 ስዊድን ውስጥ የሆነ ነው። በሃላንድሶስ የባቡር ዋሻ ሲቆፈር ውሃ የሚያስገባውን ስንጥቅ ለመድፈን አክሪላማይድ ያለበት ማሸጊያ ገባ። አክሪላማይድ ብዙ የተለመዱ ፍሎኩላንቶች የሚሠሩበት ትንሿ ሞለኪውል ናት። ሰንሰለት ሆና ስትያያዝ ብዙም አትጎዳም፤ ብቻዋን ስትቀር ግን ነርቭ ትመርዛለች። ማሸጊያው በደንብ ሳይያያዝ ወደ ጅረት ፈሰሰ። ዓሣዎች ሞቱ፣ ከጅረቱ የጠጡ ላሞች መቆም አቃታቸው፣ ሠራተኞችም እጅና እግራቸው ደነዘዘ። ከዚህ የምንማረው የረጅሙን ሰንሰለት ጠባይ ማወቅ እንደማይበቃ ነው፤ ሳይያያዝ የቀረውንና አብሮ የመጣውን ቅሪትም መለካት ያስፈልጋል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይሄ ሁሉ የጃፓንና የአውሮፓ ወሬ ብቻ አይደለም። አዋሽ መልካሳ ላይ አልሙኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ አለን። ማለትም ከዚህ ታሪክ ሦስት ዋና ዋና ነገሮች ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ይመረታሉ፤ ሦስተኛው፣ ፎሙ፣ በየመንገዱ ወድቋል። አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ሦስቱን ለማገናኘት ብታስቡ አይገርመኝም።

ስታስቡ ግን የአቃቂን ወንዝ አትርሱ። በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ አትክልቱም አዲስ አበባ ገበያ ላይ ይሸጣል። ወደ ወንዙ የሚገባው ነገር ተመልሶ ማዕዳችን ላይ ይቀርባል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ የማይበሰብስ ኬሚካል ለመጨመር ከመወሰን በፊት አማራጩም መታየት አለበት። ሽፈራው ለምሳሌ ይበሰብሳል። ግን እሱም ያለ ዋጋ አይደለም፤ ከፍሬው የሚተርፈው ንጥረ ነገር ለባክቴሪያ ምግብ ስለሚሆን በእሱ የጠራ ውሃ ብዙ ቀን ከተቀመጠ ይበላሻል።

ስለዚህ ከፎም የተሠራው ዱቄት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ከአዲስ ነዳጅ የተሠራን ኬሚካል ከተካ፣ አሲዱ በአግባቡ ከተያዘ፣ ዝቃጩም እርሻ ላይ ካልተበተነ የሚያስገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው። «ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሲያጋጥማችሁ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት እጁ ነው ፕላስቲክ? ለመሥራት ምን ገባበት፣ ምንስ ወጣ? ሥራውን ሲጨርስ የት ይሄዳል?

ሲሞን በ1839 ጄሊውን ሲያይ ይሄን ሦስተኛውን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም ነበር፤ በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ ገና አያውቅም። እኛ እናውቃለን።